የጠገኑት ቅዱስ

[ካልጋሪ፤ ጥንታዊ ቅርጻ ቅርጽ የምትሰበስብ የአንዲት ሀብታም ሴትዮ ሳሎን። ከእንጨት ተቀርጸው በቀለምና በወርቅ ያሸበረቁ የካቶሊክ ቅዱሳን ግድግዳውን ታከው ቆመዋል። ዕቃ አጓጓዦቹ መርዕድና ሙኒር ሊያሽጓቸው መጥተዋል፤ ሴትዮዋ ወጣ ብላለች። መርዕድ ካናዳ ከገባ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ እሱን ከጠየቃችሁት የማያውቀው ነገር የለም። ሙኒር ከወሎ ከመጣ ገና ስምንት ወሩ ነው።]

መርዕድ፦ አባ እንጦንስ ነው አልኩህ! የበረሃ መነኮሳት አባት! ዲያቆን ነበርኩ እኮ፣ ማን መሰልኩህ?

ሙኒር፦ መነኩሴ ከሆነ፣ ጋሼ፣ የታቀፈው ሕፃን የማን ነው?

መርዕድ፦ (ገና አሁን አየው) የ… የጎረቤት ነዋ! ሰው የጎረቤት ልጅ አያቅፍም?

ሙኒር፦ በረሃ ውስጥ ጎረቤት?

መርዕድ፦ ኤጭ! አንተ ደግሞ ስለ ቅዱሳን ምን አገባህ? ና ያዝ!

ሙኒር፦ ቆይ ጋሼ፣ እርስዎ ትራኩን ፓርክ ሲያደርጉ ሴትዮዋ ስለ እጆቹ…

መርዕድ፦ በየትኛው እንግሊዝኛህ ነው ያወራሃት? «ሃይ» ብላህ ይሆናል። ወገቡን ያዝ!

[መርዕድ የቅዱሱን ቀኝ እጅ ይዞ ጎተተ። የእንጨቱ እጅ ከእጅጌው ውልቅ ብሎ መርዕድ መዳፍ ውስጥ ቀረ።]

መርዕድ፦ ወይኔ! ወይኔ ሥራዬ! አምና መስታወት ሰብሬ ላስት ዋርኒንግ ላይ ነኝ! አለቀልኝ!

ሙኒር፦ እኔ ደሴ አናጺ ነበርኩ፣ ይሄ እኮ አልተሰበረም…

መርዕድ፦ እጁን ይዤው ቆሜ አልተሰበረም ትለኛለህ? ደሴ የገጠምከው በር ነው፤ ይሄ ባሮክ ነው፣ የጥንት አውሮፓ ጥበብ! ዝም በል፣ ሱፐር ግሉ አለኝ።

[ያለ የሌለውን አንጠፍጥፎ ለጠፈው። እፍ፣ እፍ አለበት።]

መርዕድ፦ አሁን በሬ ቢጎትተው አይነቀልም!

ሙኒር፦ የከፋው እሱ ነው።

መርዕድ፦ ምቀኛ! ሴትዮዋን ቴክስት አድርጌያታለሁ።

ሙኒር፦ ምን ብለው?

መርዕድ፦ «ሙኒር የቅዱሱን እጅ ሰበረው፤ እኔ መርዕድ ግን በሱፐር ግሉ አሳምሬ ጠገንኩት።» አትቀየመኝ፤ አንተ ጀማሪ ነህ፣ ይምሩሃል።

ሙኒር፦ በእኔ ላይ? ጋሼ፣ በእኔ?

[ስልኩ ጮኸ። መርዕድ አነበበ፤ ፊቱ አመድ መሰለ።]

ሙኒር፦ ምን አለች?

መርዕድ፦ (እያነበበ) «እጆቹ የሚነቀሉ ናቸው። ነቅሎ ለብቻ እንዲያሽጋቸው ጠዋት ለሙኒር አሳይቼዋለሁ። ሦስት መቶ ዓመት ያለ ማጣበቂያ የኖረ ነው! ለአለቃችሁ እየደወልኩ ነው።»

ሙኒር፦ (ሳጥን ከፍቶ፣ በጥጥ የተጠቀለሉ እጆች እያሳየ) እርስዎ ውጭ ስልክ ሲያወሩ የሰባቱን ነቅዬ ጨርሻለሁ። የቀረኝ ይሄ ብቻ ነበር።

መርዕድ፦ ሙኒርዬ… የኔ ወንድም… አንተ ነህ ያጣበቅከው እንበላት?

ሙኒር፦ እንዴት ተደርጎ ጋሼ? ሰበረ ያሉት እኔን ነው፤ የተሰበረ ነገር የለም። ጠገንኩ ያሉት ራስዎን ነው፤ ይኸው፣ በሬ ቢጎትተው አይነቀልም።