የኦቦ ጅሩ ቀበቶ

ሁሉን የሚጠረጥር ሰው የሌለበት ከተማ ገና አልተቆረቆረም። ጊንጪም አለ፣ ባኮም አለ። ምኒባስ ውስጥ ከኋላው ሰው እንዳይኖር መጨረሻው ወንበር ላይ ካልሆነ የማይሳፈር፣ ጎረቤት ዳቦ ስትልክለት ራሷ ቀድማ እንድትቀምስለት የሚጠይቅ ሰው ማለቴ ነው።

የእኛ የአምቦው ክቡር ኦቦ ጅሩ ናቸው፤ ከባኮ በቆሎ እያስጫኑ የሚነግዱ፣ ፈቃድ ያላት ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ከወገባቸው የማትጠፋ የተከበሩ ሰው። «አካም ቡልተን» ብሎ ሰላም ያላቸውን ሁሉ «እንዴት እንዳደርኩ ለማን ልትነግር ነው?» ይሉታል።

ከፋሲካ በኋላ ጥቂት ሰንበት ብለው መናኸሪያው አጠገብ ቀበቶና ቦርሳ የምትሰፋው ጣቢታ ሱቅ ገቡና በሩን ከኋላቸው ዘጉት። አዲስ የሽጉጥ ማኅደር ከነቀበቶው ፈልገዋል።

«መጀመሪያ ጥይቱን ያውጡልኝ» አለቻቸው።

«ለምን? ምን አስበሻል?»

አወጡት ግን። ጥይቱን ኪሳቸው ከተው ኪሱን በእጃቸው ጨበጡት።

ቀኝ ጎናቸው ላይ አሰረችላቸው፤ ቁጭ ሲሉ አፈሙዙ ከወንበሩ ጋር ተጋፍቶ እጀታው ጎድናቸውን ወጋቸው። ከጀርባ ሞከሩት፤ «ከኋላ ማን እንደሚነካው በምን አያለሁ?» ብለው አስፈቱት። ብብታቸው ሥር አንጠለጠለችው፤ «በዚህ ሙቀት ኮት ደርቤ ብሄድ ምን ደብቆ ነው ይሉኛል» አሉ። ስስ ቀበቶ በሽጉጡ ክብደት ይጎተታል ብላ ሰፊ፣ ድርብ ቆዳ ስታሳያቸው፣ «ያልተሸጠልሽን ልታራግፊብኝ ነዋ» ብለው ቆዳውን አሸተቱት። በመጨረሻ ወደ ጎን ከፍ ብሎ የሚቀመጥ ማኅደር መረጡ። ከቀበቶው ላይ ሾልኮ እንዳይሰረቅም አንድ ላይ እንዲሰፋ አዘዙ።

ጣቢታ ይህን ጸባይ ለምዳዋለች። ግራ የገባት ሌላ ነገር ነው። ኦቦ ጅሩ ማኅደር ባሰሩ ቁጥር ወደ መሬት ያጎነብሳሉ፣ ይንበረከካሉ፣ ሽጉጡን ይዳስሳሉ፣ ይነሳሉ። «እንደገና» ይላሉ። ሰው ሽጉጥ ታጥቆ መጎንበስ የሚለማመደው አጥር ሥር ሊያደባ ካልሆነ ለምንድነው? ከታላቅ እህታቸው ከአዴ ሶረቲ ጋር መኮራረፋቸውን ደግሞ ከተማው ሁሉ ያውቃል። ጣቢታ ፈራች፤ መርፌዋንም አስቀመጠች።

«ማን ላይ ሊያደቡ ነው ኦቦ ጅሩ? ካልነገሩኝ አልሰፋም።»

«ማን ልኮሽ ነው የምትጠይቂኝ?»

«ማንም።»

ኦቦ ጅሩ በሩን ዳግመኛ አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«በፋሲካ ዕለት የሶረቲን ጉልበት ልስም ሳጎነብስ ይሄ ጉደኛ ሾልኮ እግሯ ላይ ወደቀ። በእንግዳ ፊት ‹ወንድሜ ሊገድለኝ መጣ!› ብላ ጮኸች። ከዚያ ወዲህ ደጇን አልረገጥኩም። እሁድ ሽማግሌዎች ሊያስታርቁን ነው፤ ጉልበቷን መሳም አለብኝ። ዳግመኛ ከወደቀ አለቀልኝ። እናታችን ስትሞት አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ናት።»

«ታዲያ ለዚያች ቀን እንኳ ቤት አይተዉትም?»

«ለማን?»

«ለባለቤትዎ።»

«ሚስቴ መልካም ሰው ናት። ወንድም ግን አላት።»

እሁድ ከቅዳሴ መልስ ጣቢታ ለእሳቸው ብላ ሱቋን ከፈተች። ኦቦ ጅሩ ታጥቀው አጎነበሱ፣ ተንበረከኩ፣ ተነሱ። ሽጉጡ ንቅንቅ አላለም። ፊታቸው በራ።

«መጎንበሱስ ሆነልዎ» አለች ጣቢታ ፈራ ተባ እያለች። «አዴ ሶረቲ ከመሬት አንስተው ሲያቅፉዎትስ? እጃቸው የሚያርፈው እዚያው ላይ ነው።»

ኦቦ ጅሩ ጎናቸውን በእጃቸው ዳሰሱ። ከዚያ ቀበቶውን ፈቱና ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጡት።

«ያዢልኝ።»

«እኔን አመኑኝ?»

«አላመንኩሽም። ግን ሶረቲ ዳግመኛ እንድትደነግጥብኝ አልፈልግም።»

ሱሪያቸው ያለ ቀበቶ መቅረቱ ትዝ ያላቸው ደጅ ከወጡ በኋላ ነው። በግራ እጃቸው ሰብስበው ይዘውት መንገድ ጀመሩ። ጣቢታ ከበሩ ላይ «ገመድ ልስጥዎት!» ብላ ብትጣራ፣ «ገመድ ለምን አዘጋጀሽ?» አሏት ዞር ሳይሉ። እንዲህ ያለውን ሰው አለመውደድ እንዴት ይቻላል?

ጣቢታ ሽጉጡን ቆዳ ውስጥ ቀብራ በሩን ከውስጥ ቆለፈች። ሰው ባንኳኳ ቁጥር ሳትከፍት «ማነው?» ትላለች። እርቁ እንዳይፈርስ ስትጸልይ ዋለች።

አመሻሹ ላይ መጡ። ዓይናቸው ቀልቷል። ቀበቶውን ከነሽጉጡ በፌስታል ጠቅልላ ስታቀብላቸው ወገባቸውን አየችው። ጥለቱ የደበዘዘ የሴት መቀነት ተጠምጥሞበታል።

«ቀበቶዎን ይታጠቁታ» አለቻቸው።

«ይቆይ» አሉ መቀነቱን በእጃቸው ይዘው። «ራሷ ናት ያሰረችልኝ።»