የማን ደጋፊ ነህ?

(ወልቂጤ፣ ጉብሬ ላይ የዩኒቨርሲቲው ግንባታ የተጀመረ ሰሞን። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ኳስ የሚታይበት ዲኤስቲቪ ቤት ደጃፍ። መብራት ጠፍቶ ሰው ሁሉ ውጭ ፈሷል። ሙባሪክ ቀይ የአርሰናል ማልያ ለብሶ አግዳሚው ላይ ተንፈላስሷል። ጓደኛው ሀቢቡ የባጃጁን መስታወት ይወለውላል።)

ሙባሪክ፦ አልገባህም አቦ። አሜሪካኖች ኳስ የላቸውም አላልኩህም። አይወዱትም ነው ያልኩህ።

ሀቢቡ፦ አሜሪካ ያህል አገር ኳስ አጥቶ?

ሙባሪክ፦ ኳሱ ሞልቷል፤ ፍቅሩ ነው የሌለው። የራሳቸው ፉትቦል አላቸው፣ እሱንም በእጃቸው ይዘውት ነው የሚሮጡት።

ሀቢቡ፦ እግራቸውን ምን ነካቸው?

ሙባሪክ፦ መኪና። ከልጅነት እስከ እርጅና መኪና ላይ ናቸው። በእግሩ ያልሄደ ሕዝብ በእግሩ ምን ሊሠራ ነው?

ሀቢቡ፦ (ጨርቁን አቁሞ) እኔም እኮ ከጠዋት እስከ ማታ ባጃጅ ላይ ነኝ። ኳስ የማልወደው ለዚህ ይሆን እንዴ?

ሙባሪክ፦ ይኸው፣ አሁን ገባህ። ሕንዶችን ውሰድ፤ እነሱ ደግሞ ዱላ ይዘው ነው ሜዳ የሚገቡት።

ሀቢቡ፦ ማን አጣላቸው?

ሙባሪክ፦ ጨዋታ ነው ሀቢቡ። እንደዚያ ነው የሚጫወቱት። ዋናውን ልንገርህ? ኳስ የማይወድ አገር መጠበቅ አይችልም። አሜሪካ በየደቂቃው ነጥብ ካልተቆጠረለት ይከፋዋል። እኛ ግን ሙሉውን ጨዋታ ጮኸን፣ ድምፃችን ተዘግቶ፣ ዜሮ ለዜሮ ወጥተን፣ ማታ እየዘፈንን ወደ ቤት እንገባለን። ኳስ የናፍቆት አገር ነገር ነው። ያልመጣን ሰው መውደድ የሚችል ሕዝብ ነው ኳስ የሚወደው።

ሀቢቡ፦ ማን ነው ያልመጣው?

ሙባሪክ፦ ጎሉ። (ዓይኑን ጨፍኖ በዜማ)
መረቡ ተከፍቶ ኳሷ ውጭ ቀረች፣
እንደዚያች ቆንጆ ልጅ ልቤን ሰባበረች።

ሀቢቡ፦ የማን ልጅ ናት?

ሙባሪክ፦ ግጥም ነው።

ሀቢቡ፦ እሱማ ገባኝ። ሰፈሯ የት ነው?

ሙባሪክ፦ አየህ? ፈቲሀን የምታጣት በዚህ ነው። አባቷ ሀጂ ነስሩ እዚህ ቤት የፊት ወንበር የተያዘላቸው ሰው ናቸው። ልጃቸውን ሊያገባ ያሰበውን ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው አሉ፤ "የማን ደጋፊ ነህ?" አንተ ደግሞ ወላሂ፣ በቁምህ አሜሪካ ነህ። ስለዚህ ዛሬ ላስጠናህ። ሲጠይቁህ ቀጥ ብለህ...

ሀቢቡ፦ ጠየቁኝ እኮ።

ሙባሪክ፦ (ቀና ብሎ) መቼ?

ሀቢቡ፦ ዛሬ ጠዋት። ለቅሶ ሊደርሱ ጉብሬ አድርሰኝ ብለው ተሳፈሩ።

ሙባሪክ፦ እና እስካሁን ዝም ብለህ ትወለውላለህ?

ሀቢቡ፦ ስለ ሕንድ እያወራህ አላስገባ አልከኝ።

ሙባሪክ፦ እሺ፣ ምን አሉህ?

ሀቢቡ፦ "የማን ደጋፊ ነህ?" አሉኝ። የእናቴ አልኳቸው።

ሙባሪክ፦ የማን?

ሀቢቡ፦ የእናቴ። አባቴ ከሞተ ወዲህ ቸሃ ገጠር ብቻዋን ናት፤ ከእኔ ሌላ ጧሪ ደጋፊ የላትም አልኳቸው።

ሙባሪክ፦ (ራሱን ይዞ) አበቃ። ልጅቷ ሄደች። ኳስ ነው እኮ የጠየቁህ አንተ ሰው። ከዚያስ?

ሀቢቡ፦ "ሲሸነፉስ አይከፋህም?" አሉኝ።

ሙባሪክ፦ አርሰናልን መስሏቸው ነዋ። አንተስ?

ሀቢቡ፦ እናቴ ስትሸነፍ አይቼ አላውቅም አልኳቸው። ያኔ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። አቧራ ነው አሉኝ። ሌሊቱን ግን ሲዘንብ ነው ያደረው።

ሙባሪክ፦ (ድምፁን ቀንሶ) ከዚያስ ወንድሜ?

ሀቢቡ፦ "ቤቴ የመጣው ሁሉ የእንግሊዝ ደጋፊ ነው፤ የእናቱን ደጋፊ ገና ዛሬ አየሁ። ሽማግሌዎችህን ላክ" አሉኝ።

ሙባሪክ፦ አልሐምዱሊላህ። (ያቅፈዋል፤ ወዲያው ማልያውን ያስተካክላል) እንግዲህ ሚዜው እኔ ነኝ። ስሜን ጠራህልኝ?

ሀቢቡ፦ እንዴ፣ ጠራሁ እንጂ። "ሚዜህ ማን ነው?" ሲሉኝ ሙባሪክ፣ የእትዬ ዘይባ ልጅ አልኳቸው። "እሱስ የማን ደጋፊ ነው?" አሉኝ።

ሙባሪክ፦ መቼም አርሰናል አላልክም። እኔንም የእናቱ ደጋፊ ነው ብለህ አሳመርከኝ፣ አይደል?

ሀቢቡ፦ ልል ነበር። ለሀጂ መዋሸት ግን ከበደኝ።

ሙባሪክ፦ እና ምን አልካቸው?

ሀቢቡ፦ እሱ እንኳ ደጋፊ አይደለም፤ ገበያ ቆጮ ሸጠው እሱን የሚደግፉት እናቱ ናቸው አልኳቸው።