ቆይተው ይሞክሩ

ክፉ ወሬ አፉ ላይ ሲደርስ የሚለሰልስለት ሰው የሌለበት ቤተሰብ የለም። ቤት ተቃጥሎ "ትንሽ ጭስ ነገር ነበር" ይላል። መኪና ገደል ገብቶ "መንገድ ላይ ትንሽ ቆም ብለዋል" ይላል። ፈረንጅ አገር ባለችው የሮምሶስ ሰፈር ይህን የተከበረ ሥልጣን የያዘው እዚያው ተወልዶ ያደገው ፕሮግራመር፣ ክቡር ሙሀይሚን ነው።

ሩሚሳ ይህን ሰው በሁለት በኩል ተሸክማዋለች። በሥራ ቦታ ኮዱን መርምራ የምታሳልፈው እሷ ናት። ከሥራ ውጭ ደግሞ ልታገባው ነው፤ አባቷ እሺ ካሉ ማለት ነው።

የሚሠሩት የትኬት አፕ ከሩቅ ሰርቨሮች ጋር ይነጋገራል። ሰርቨር ሲያኮርፍ ምክንያቱን ይናገራል፤ "የይለፍ ቃሉ ጊዜው አልፏል" ይላል፣ "ብዙ ሰው ጠራኝ" ይላል። ይህ ቃል ከኮድ ወደ ኮድ ሲተላለፍ ደህና ፕሮግራመር እንዳለ ይጠቀልለውና ከላዩ "ትኬት ስንቆርጥ ያጋጠመ" ብሎ ይጽፍበታል። የውስጡን አይነካውም። ክቡርነታቸው ግን የሰርቨሩን ቃል አውጥተው ይጥሉና በምትኩ የራሳቸውን ያስቀምጣሉ፦ "የሆነ ነገር ተበላሽቷል፤ ቆይተው ይሞክሩ።"

አንድ ቀን አፑ ከጠዋት ጀምሮ ቀጥ አለ። ሩሚሳ ምክንያቱን ፍለጋ ብትገባ በየደረሰችበት የምታገኘው ያንኑ "ቆይተው ይሞክሩ" ነው። ለካ ሰርቨሩ "የይለፍ ቃሉ ጊዜው አልፏል" እያለ ሲጮህ ነው የዋለው። ለምን ጣልከው ብትለው፣ ሰደቃ እንደሰጠ ሰው ፊቱ በርቶ "ሰው ለምን ይደንግጥ?" አላት። ከዚያ ወዲህ "ጉድሸንት" የምትለዋ የማጽደቂያ ቃል ከእሷ እጅ ወጥታ ለእሱ ኮድ ደርሳ አታውቅም።

ሽማግሌ ወደ ሩሚሳ አባት፣ ወደ ታክሲ ነጂው ጋሽ ሑሴን የተላከው በዚህ መሐል ነው። ምን አሉ ብላ ሙሀይሚንን ስትጠይቀው "ትንሽ ያስቡበት ብለዋል" አላት። ደግማ ስትጠይቀው "ዒዱ ይለፍ ያሉ መሰለኝ" አላት። አባቷን ብትጠይቅ "ታገሺ" ብቻ። እሳቸውም ለካ የዚያው የወሬ አለስላሾች ማኅበር አባል ናቸው።

ሩሚሳ ተናደደች፤ ፈራችም። ዕድሜ ልኳን "ቆይተው ይሞክሩ" ከሚላት ሰው ጋር ልትኖር ነው። ግሮሩድ ባቡር ጣቢያ አግዳሚ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችውና፣ "አባቴ ያሉትን እንዳሉት ትነግረኛለህ፤ አለዚያ እዚሁ ይብቃን" አለችው።

አንድ ባቡር መጥቶ ሄደ። ሙሀይሚን ጫማውን እያየ ጀመረ።

"አባትሽ ለሽማግሌዎቹ፣ ሽማግሌዎቹ ለእናቴ ለመፍቱሃ፣ እናቴ ለእኔ እንደነገረችኝ እንዲህ አሉ፦ 'ሙሀይሚን ቋሚ ሐኪሜ፣ ፋስትለጌዋ ዘንድ ላስተርጉምልዎት ብሎ አብሮኝ ገባ። ሐኪሟ ስለ ልቤ ስታወራ ስታወራ ቆየች፤ እሱ ደህና ነዎት ይላሉ አለኝ። መድኃኒት መጀመር እንደነበረብኝ ያወቅኩት ታክሲዬ ውስጥ ከወደቅኩ በኋላ ነው። ነገ ልጄ ብትታመም ምን ሊለኝ ነው? እንዲህ ላለ ሰው ልጅ አልሰጥም።'"

"ትንሽ ተናደው ነው" አላለም። "ይበርድላቸዋል" አላለም። ቃሉ በማን በማን በኩል እንደመጣ ከላዩ ነገራት እንጂ የውስጡን አልነካም።

ሩሚሳ ስለ አባቷ ልብ የሰማችው ገና አሁን ነው። ደነገጠች፤ በጣም ደነገጠች፤ አለቀሰችም። ግን ምን እንደተበላሸና የት እንደተበላሸ ለመጀመሪያ ጊዜ አወቀች። ይህ ለስላሳ ምላስ እንዲህ ያለ ነገር ለማውጣት ምን ያህል እንደተቃጠለም አየች፤ ያን ጊዜ አንጀቷን በላት።

"ተነስ፤ ለእኔ እንደነገርከኝ አድርገህ ለአባቴ ንገራቸው። ይቅርታውን ከላይ ጨምርበት" አለችው።

"እሺ ይሉኛል?" አላት።

"በደንብ ነዋ" ልትለው አፏ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጠችው።

"የአባቴን አላውቅም" አለችው እጁን ይዛ። "በእኔ በኩል ግን ጉድሸንት።"