ሦስት መቶኛው ቀለሃ

ትናንት፣ ሐሙስ መጋቢት አሥራ ሁለት ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ፣ በተኩስ ሜዳው ሣር ላይ እንደ ተንበረከክሁ እንቅልፍ ወሰደኝና ሕልም አየሁ።

ሕልሙን ከመናገሬ በፊት ጥፋቴን ልናገር። ጠዋት ሠላሳ እጩ ፖሊሶች አሥር አሥር የሽጉጥ ጥይት ተኩሰን ነበር። የተተኮሰ ጥይት ባዶ ቀለሃ ተለቅሞና ታጥቦ ባሩድ እንደገና ስለሚሞላበት፣ አንድም እንዲጠፋ አይፈቀድም፤ ሦስት መቶው ካልተሟላ ከሜዳው የሚወጣ የለም። የተገኘው ሁለት መቶ ዘጠና ዘጠኝ ነበር። ሦስት መቶኛው በደረት ኪሴ ውስጥ ነበር። አሥሩንም ጥይት ከዒላማው መሐል ስላገባሁ፣ ለአባቴ ላሳየው ብዬ ነበር ያነሣሁት። ስለ ታማኝነት በጻፍሁት ጽሑፍ ከክፍሉ አንደኛ የወጣሁት እኔ፣ ጓደኞቼ ምሳ ሳይበሉ በፀሐይ ሣር ሲዳብሱ እያየሁ፣ «እኔ ጋ ነው» ማለት አቃተኝ፤ አብሬያቸው ተንበርክኬ የምፈልግ መሰልሁ።

በሕልሜ ቀለሃዎቹ የሰው ቁመት አግኝተው ተሰልፈዋል፤ በሣሩ ላይ ተበትነን የወደቅነው እኛ ነን። የወረቀት ዒላማዎቹ ሽጉጥ እያቀባበሉ «ዛሬስ እጄ ከብዶኛል» ይባባላሉ። ቀለሃዎቹ አንድ በአንድ ይለቅሙናል፤ አቧራችንን እፍ ብለው ባልዲ ውስጥ ይጥሉናል። አሠልጣኛችን ኢንስፔክተር ደምመላሽ በባልዲው ውስጥ ተዘቅዝቀው «ኧረ ቀስ በሉ፣ ወገቤን!» እያሉ ይጮኻሉ።

«ዝም በል አንተ!» አለ አንድ አጭር ቀለሃ። «ለመሆኑ ስንት ጊዜ ተሞልተሃል?»

«አንድም ጊዜ አልተሞላሁም ጌታዬ» አሉ ኢንስፔክተሩ በትሕትና።

«ከነአሠልጣኙ ሠላሳ ሰው ብቻ!» ብሎ ጮኸ የሚቆጥረን ቀለሃ። «አንድ ጎድሏል! ማንም ንቅንቅ እንዳይል!»

የጎደልሁት እኔ ነበርሁ። «የተሰነጠቀ ሰው አይሞላም፤ ይጣላል» ሲሉ ሰምቼ ከቁጥቋጦ ሥር ተደብቄያለሁ። ስንጥቄ የት እንዳለ አውቀዋለሁና። ቀለሃዎቹ በግንባራቸው ተደፍተው ይፈልጉኝ ጀመር።

«የት ነሽ አንቺ?» ስትል የጓደኛዬ የትርሲት ድምፅ ከባልዲው ተሰማ። «በናትሽ ውጪ፤ ርቦናል!»

«እዚህ ነኝ» አልሁ። እንዲህ ቀላል መሆኑ ራሴን ደነቀኝ።

ብዙ ጊዜ በመተኮስ አፏ የጠቆረ አሮጊት ቀለሃ አነሣችኝና ስንጥቅ እንዳለኝ ለመስማት ጆሮዋ ሥር ነቀነቀችኝ።

«ተሰንጥቄያለሁ፣ እማማ?»

«ማን አለሽ? ትንሽ ተሰርጕደሻል እንጂ ደኅና ነሽ። ይቺ ትሞላለች!» ብላ ለሌሎቹ አወጀች። እኔም በደስታ አለቀስሁ። «በምን ልሙላሽ፣ ልጄ?»

«በእንቅልፍ።»

«እሱማ ሞልቶሻል፤ ይኸው ተኝተሻል!» አለች።

ነቃሁ።

ሜዳው ባዶ ነበር። ኢንስፔክተር ደምመላሽ የቀለሃውን ሣጥን ይቆልፋሉ፤ ትርሲት አጠገባቸው ቆማ የጉልበቷን አቧራ ታራግፋለች። ድፍረቱ ሳይለቀኝ ልድረስ ብዬ ሮጥሁ።

«ጌታዬ፣ ቀለሃው እኔ ጋ ነው!»

«የቱ ቀለሃ?»

«ሦስት መቶኛው።»

«ሦስት መቶኛውን እኔ አገኘሁት!» አለች ትርሲት በኩራት። «የአምና ሳይሆን አይቀርም፤ ጭቃ ውጦት ነበር፤ በምራቄ ወለወልሁት። ሁሉም ምሳ ሄደዋል። እኔ ነኝ አንቺን ልቀሰቅስ የቀረሁት፤ ደግሞ ስታንኮራፊ!»

ጓደኞቼ መሄዳቸውን ስሰማ ከትከሻዬ ሸክም ወረደልኝ። ቀለሃውን ከኪሴ አውጥቼ ዘረጋሁት፤ ገና በሰውነቴ ሙቀት ይሞቅ ነበር።

«ሆን ብዬ ነው የወሰድሁት፣ ጌታዬ። ጥፋቴን ይመዝግቡልኝ፤ ይህንንም ይቀበሉኝ።»

ኢንስፔክተሩ በሣጥኑ ክዳን ላይ ከተለጠፈው «ሦስት መቶ፣ ተሟልቷል» ከሚል ወረቀት ሥር ቀለሙ ወዳልደረቀው ፊርማቸው አዩ፤ ቀጥሎም ወደ መዳፌ። ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱና ወገባቸውን ይዘው ወደ መኪናው አዘገሙ።

«ጌታዬ» አልሁ እየተከተልሁ፣ «እባክዎ ይቀበሉኝ።»