ለመጽሐፉ ብዬ ከአጥር ጀርባ የጮኽሁ ዕለት

ዛሬ እቤቴ ቁጭ ብዬ፣ ሻዬን እየጠጣሁ፣ በገዛ ስልኬ ተዋረድኩ!

ሳቁ፣ ፈቅጃለሁ።

ያ ዘንዶ የሚበርበት ተከታታይ ፊልም አለ አይደል? ሰሞኑን ልጆቻችሁን እንቅልፍ የነሳው? የመጨረሻው ክፍል ወጣ። መጽሐፉን ያነበቡት "መጨረሻውን ቀየሩት!" ብለው የአድናቂዎቹን ፔጅ በእሪታ ሞሉት። ፊልሙን ብቻ ያዩት ደግሞ "እና ምን ይጠበስ?" አሏቸው።

እኔ የልጅ ልጅ ያየሁ ሰውዬ ነኝ። አይቼ ማለፍ እችል ነበር።

አላለፍኩም።

"ደራሲው እንዲያ የጨረሰበት ምክንያት አለው። ተመልካች ደስ ይበለው ተብሎ መጨረሻ አይቀየርም!" ብዬ ኮሜንት ጻፍኩ። ቃለ አጋኖውን ልብ በሉልኝ።

ላይክ ጎረፈልኝ። ደረቴን ነፋሁ። ልጄን ጠርቼ አሳየኋት፤ "ጎሽ አባዬ" ብላኝ ወደ ሥራዋ ሄደች። ከዚያ ከኮሜንቴ ሥር አንዲት ሴት መለሰችልኝ። አንድ መስመር ናት። አነበብኳት። መነጽሬን አውልቄ ጠረግሁና እንደገና አነበብኳት። ያችው ናት።

ምን እንዳለችኝ እነግራችኋለሁ። ግን እንዲሁ ብነግራችሁ አይገባችሁም። መጀመሪያ መተማ ልውሰዳችሁ፤ በደርግ ዘመን፣ ወደ ማለቂያው ገደማ።

ያኔ የመንግሥት እርሻ ጋራዥ ውስጥ ትራክተር ጠጋኝ ነበርኩ። ከደጋ የወረድኩ፣ ቀጫጫ፣ ወባ የምትመላለስብኝ ጎረምሳ። ንብረቴ አንድ ሸራ አልጋና አንድ መጽሐፍ ነው።

መጽሐፉን ጎንደር አራዳ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ነው የገዛሁት። ከውጭ ቋንቋ የተተረጎመ ነው። ሽፋኑ ተገንጥሎ ስለነበር ርዕሱንም ደራሲውንም እስከ ዛሬ አላውቅም። ታሪኩን ግን ከእንቅልፌ ብትቀሰቅሱኝ እወጣዋለሁ።

አንድ ድሃ ጀልባ ቀዛፊ የንጉሥ ልጅ ይወዳል። ወንዙ ሰው በስሙ ይጠራል። ክንፍ ያላቸው ጅቦች አሉ። ቀዛፊው ጅቦቹን ድል ያደርግና ልጅቱን ይጠይቃል። በመጨረሻ ንጉሡ ይከለክለዋል። ቀዛፊው ብቻውን እየቀዘፈ ይሄዳል። አለቀ።

ቀትር ላይ ፀሐይዋ ብረት አታስነካም። ስለዚህ ምሳ ሰዓት ጋራዡ ጥላ ሥር ለሠራተኛው አነብ ነበር። ከጎጃምም ከወሎም ለሰሊጥ አጨዳ የወረዱት ሁሉ ተኮልኩለው ያዳምጡኛል። አንድ ጎጃሜማ ስለ ክንፋሞቹ ጅቦች ከሰማ ወዲህ ሜዳ ላይ መተኛት ተወ። እኔም ራሴን እንደ ደራሲው ማየት ጀመርኩ፤ እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው።

ከድንበሩ ድልድይ ማዶ፣ ገላባት ላይ፣ አንድ ሻይ ቤት ጀነሬተርና ቪዲዮ አስገባ። በየገበያው ቀን ከገዳሪፍ በሎሪ አዲስ ካሴት ይመጣለታል። ይለፍ ያላቸው የኛ ገበያተኞች በጋቸውን ሸጠው፣ ካሴቱን አይተው ይመለሳሉ። እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። ያንን ድልድይ ብሻገር "ኮበለለ" ነው የምባለው።

አንድ ቀን ከገበያ የተመለሱ ሰዎች ስለ አንድ ጀልባ ቀዛፊ ሲያወሩ ሰማሁ። ቀዛፊ? የንጉሥ ልጅ? ሰው የሚጠራ ወንዝ?

"ይሄማ የኔ መጽሐፍ ነው!" ብዬ ዘለልኩ።

ነው። በየገበያው ቀን አንድ አንድ ካሴት እየሆነ የሚመጣ ፊልም ሆኗል። ግን ምን ያደርጋል! ካሴቱ ላይ ጅቦቹ ክንፍ የላቸውም። ቀዛፊው ጢሙን አሳምሮ በፈረስ ይጋልባል። ጀልባ ቀዛፊ በፈረስ! እናንተ ብትሆኑ ዝም ትላላችሁ?

ከዚያ ወዲያ መተማ ለሁለት ተከፈለች፤ መጽሐፍ ባይና ካሴት ባይ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ዋርካው ሥር ጉሮሯችን እስኪደርቅ እንከራከራለን። አንድ ጊዜ የቀበሌው ሚሊሻ ያልተፈቀደ ስብሰባ መስሎት ሊበትነን መጣ። "ጅብ ክንፍ ይኑረው ወይስ አይኑረው?" ብለን ጠየቅነው። አሰበበት። ከዚያ ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ተቀመጠና ካሴት ባይ ሆነ።

የካሴት ባዮች አለቃ አያ ፈንቴ ነበሩ። ሰሊጥ ገበሬ ናቸው፤ ዐረብኛውን ያንበለብሉታል፤ ነገር ሲጥማቸው "ያ ሰላም!" ይላሉ። እኔን ሲያዩ ይብስባቸዋል።

"አንተ ልጅ፣ አንተ ከወረቀት ለቅመህ ነው። እኔ በዓይኔ በብሌኑ አይቻለሁ!" ይሉኛል።

"አያ ፈንቴ፣ ያዩት የተበረዘውን ነው" እላለሁ።

"ይበረዝ! ይጣፍጣል!"

እሺ፣ አሁን ችግሩን ልንገራችሁ።

የአያ ፈንቴን ልጅ ወደድኳት።

ትርንጎ ትባላለች። በቀበሌው መሠረተ ትምህርት ሴቶችን ታስተምር ነበር። መጽሐፉን አዋስኳት። ስትመልስልኝ ዓይኗ ቀልቷል።

"ቢሰጡት ምን ነበረበት?" አለችኝ።

ይሄኔ ሌላ ሰው ቢሆን ምን ይላል? "እውነትሽን ነው ዓለሜ" ይላል። እኔ ምን አልኩ?

"አይ፣ መጽሐፉ ልክ ነው። ጥፋቱ የቀዛፊው ነው።"

"አንተስ ደረቅ ነህ" አለችና ሳቀች። ያ ሳቋ እንቅልፍ ሲነሳኝ ከረመ። ሰንብታ ግን ራሷ "ሽማግሌ ላክ" አለችኝ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ያን ዕለት የፈታሁትን ሞተር መልሼ መግጠም አቃተኝ።

ቄስ አስረስን አማላጅ አድርጌ ሦስት ሽማግሌ ላኩ። መጀመሪያ ሲሄዱ እንደ ወጉ ቆመው ጠየቁ፤ አያ ፈንቴም እንደ ወጉ "ዘመድ ላማክር" ብለው ቀጠሮ ሰጡ። የቀጠሮው ዕለት ቁርጡ የሚታወቅበት ነው።

በእኛ ዘንድ ሽማግሌ በተላከ ዕለት ጠያቂው በዚያ ሰፈር ዝር አይልም። ነውር ነው። ነገሩን ለሽማግሌ ሰጥተሃል፣ አርፈህ ትጠብቃለህ። ቄስ አስረስም ማልደው ጋራዥ ድረስ መጥተው አስጠነቀቁኝ።

"ልጄ፣ እኛ እስክንጠራህ ከዚህ ትራክተር ሥር እንዳትወጣ።"

"እሺ አባ" አልኩ።

ወጣሁ።

ምን ላድርግ? የአያ ፈንቴ ግቢ በማሽላ አገዳ የታጠረ ነው። በጓሮ በኩል ተጠጋሁና ቁጢጥ አልኩ። አገዳውን በጣቴ ገለጥ ሳደርግ ሁሉ ነገር ይታያል፣ ሁሉ ነገር ይሰማል። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠዋል። ትርንጎ የእጅ ማስታጠቢያ ይዛ ጓዳው በር ላይ ቆማለች።

አያ ፈንቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ልጁን አጣራሁ። ድሃ ነው። ዘመዶቼም ግሪስ ለተለቀለቀ ሰው ልጅ አይሰጥም ብለውኛል" አሉ።

አገዳውን ጨብጬ ቀረሁ፤ እሳቸው ግን ቀጠሉ።

"እኔ ግን ትናንት ገበያ ወጥቼ ማዶ የመጨረሻውን ካሴት አየሁ። ንጉሡ ልጁን ለዚያ ቀዛፊ ዳረለት! ያ ሰላም! ጀልባዋን በአበባ አስጊጠው ሲሸኟት እኔ ፈንቴ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። እና ሳስበው አደርኩ። ንጉሥ ለጀልባ ቀዛፊ ከሰጠ፣ ፈንቴ ለትራክተር ጠጋኝ ቢሰጥ ምን ነውር አለው?"

ሰምታችኋል? እሺ ተብያለሁ እኮ! ከዓለም ወንድ ሁሉ ከኔ የሚፈለገው አፍን መዝጋት ብቻ ነበር።

"ውሸት ነው! መጽሐፉ ላይ አልሰጠውም!"

አዎ። እኔ ነኝ። በሙሉ ድምፄ።

ቄስ አስረስ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"ማነው?" አሉ አያ ፈንቴ ወደ አጥሩ።

"እኔ ነኝ።"

"አንተ ማነህ?"

"ጠያቂው።"

ዙርና በበሩ ግባ ያለኝ ስለሌለ አገዳውን ጥሼ ገባሁ። ፀጉሬ ላይ የማሽላ ገለባ፣ ጉልበቴ ላይ አፈር። አያ ፈንቴ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። አልተቆጡም! እንደ እውነተኛ አድናቂ ወንበራቸው ላይ ወደፊት ጠጋ አሉ።

"እስቲ ንገረኝ። ለምንድን ነው ያልሰጠው?"

እዚህም ላይ መትረፍ እችል ነበር። ቄስ አስረስ ከኋላቸው ሆነው በጭራቸው ተው፣ ተው፣ ተው ይሉኛል። ግን ስለ መጽሐፉ ተጠየቅሁ! ስለ መጽሐፉ ተጠይቄ ዝም ብዬ አላውቅም።

"ንጉሡ መካሪዎቹን ሰብስቦ ነበር" አልኩ ደረቴን ነፍቼ። "ቀዛፊውን፣ መክረን እስክንጠራህ ከወንዙ ማዶ ቆይ ብሎታል። ቀዛፊው ግን ትዕግሥት አጣ። ተሻገረና ከግንቡ ሥር ተደብቆ ሲያዳምጥ ተያዘ። ንጉሡም፣ ቆይ የተባለበት አንዲት ቀን መዋል ያቃተው ሰው..."

ድምፄ እዚህ ጋ ቀነሰ። እያወራሁ የማወራው ገባኝ።

"ያቃተው ሰው?" አሉ አያ ፈንቴ።

"...ልጄን ይዞ አይዘልቅም አለ።"

አያ ፈንቴ ረጅም ጊዜ አዩኝ። ፀጉሬን አዩ። ጉልበቴን አዩ። አጥሩ ላይ የከፈትኩትን ቀዳዳ አዩ።

"ያ ሰላም!" አሉ ቀስ ብለው። "ካሴቱ ይህን አላሳየም። እውነትህን ነው ልጄ፣ የመጽሐፉ ይበልጣል። ተረታሁ።"

ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ።

"አባቶቼ፣ እንግዲህ መጽሐፉ እንዳለው ይሁን።"

ቄስ አስረስ ጭራቸውን ብብታቸው ሥር ከተው ተነሡ። እኔም ወደ በሩ ዞርኩ። ትርንጎ በጓዳው በር እንደቆመች ናት። ታለቅሳለች ብዬ ነበር፤ አላለቀሰችም።

"አጥሩን ድፈነው" አለችኝ።

ደፈንኩት። ሁሉም ቆመው እያዩኝ፣ አገዳ በአገዳ፣ ማሰሪያ ልጥ እየለመንኩ። ደጋግሞ ይፈታብኝ ነበር።

ወሬው ጋራዥ ከኔ ቀድሞ ደረሰ። መጽሐፍ ባዮች "አያ ፈንቴን ረታልን!" ብለው በትከሻቸው ተሸከሙኝ። ጎጃሜው በደስታ አቅፎ ሳመኝ። ሲያወርዱኝ ከትራክተሩ ሥር ገባሁና እስኪመሽ አልወጣሁም። ዘይት ዓይኔ ውስጥ ገባ አልኳቸው።

ትርንጎ ከርማ ገለጉ የሚባል ከተማ ላለ ሰው ተዳረች። እኔም ጊዜው ሲለወጥ ወደ ደጋ ወጣሁ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ሸበትኩ። ደህና ኑሮ ኖሬያለሁ፣ አላማርርም። መጽሐፉ ግን አሁንም አለኝ።

በሉ ወደ ዛሬው ኮሜንት እንመለስ።

ስሟ "ትርንጎ ፈንቴ" ይላል። ፎቶው ላይ አንዲት ነጠላ የለበሱ ሴትዮ ሕፃን አቅፈው ይስቃሉ። ያ ሳቅ ነው። የጻፈችው ደግሞ ይኸው፦

"አንተ ሰው፣ ዛሬም ከአጥር ጀርባ ነህ?"

የሷ ላይክ የኔን በእጥፍ በለጠው! ምን ለማለት እንደፈለገች አንዱም አይገባውም፤ ግን ይስቃሉ። አንዱ ጭራሽ "እማማ፣ በሏቸው!" ይላል።

መልስ ጻፍኩ፣ አጠፋሁ። ረጅም ጻፍኩ፣ አጠፋሁ። በመጨረሻ "ደህና ነሽ ትርንጎ? አያ ፈንቴስ?" ብዬ ላክሁ።

ሻዬ እስኪቀዘቅዝ ጠበቅሁ። ከዚያ መለሰች፦

"አባየ ካረፉ ቆየ። እስኪሞቱ ድረስ ግን 'የካሴቱ ይሻል ነበር' ይሉ ነበር።"

ስልኩን ደፍቼ አስቀመጥኩት። ልጄ "አባዬ ምን ሆንክ?" አለችኝ። ዘይት ዓይኔ ውስጥ ገባ ልላት ነበር፤ እቤቴ ነኝ ለካ።

ቆይቼ ስልኩን አነሣሁና መልሷን ላይክ አደረግሁት። ለካሴት ወገን ላይክ ስሰጥ ዕድሜዬን ሙሉ የመጀመሪያዬ ነው።

መጽሐፉ ልክ ነው፤ አሁንም እላለሁ። ግን እስቲ እናንተ ንገሩኝ፣ ልክ መሆኑን ያን ዕለት ማን ጠየቀኝ?