ዶክተር ዓለምሰገድ በብስክሌት ወደ ራስ ዲካ እንደ ዘመቱ

በሁለት ሺህ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማቴዎስ ወንጌላዊ፣ በወርኃ ሐምሌ፣ ኻምሲን የተባለው የእሳት ነፋስ በጅቡቲ ከተማ ላይ በነገሠበትና ፍየሎች ሳይቀሩ ከቆመ መኪና ሥር ጥላ በሚሻሙበት ወራት፣ ዶክተር ዓለምሰገድ ኳርቲዬ ስድስት በሚባለው ሰፈር ጤና ጣቢያ ላይ ከተሾሙ ወዲህ ያልታየና ያልተሰማ ነገር ሆነ።

እኚህ ዓለምሰገድ፣ የፈረስ ስማቸው አባ ሰንሰለት፣ ፈረሳቸውም ብስክሌት የሆነ፣ በቁመት ከብዙዎች የሚያንሱ፣ በድምፅ ግን ወደብ ከገባ መርከብ የማያንሱ፣ ፈዋሴ ሳል፣ መዛኔ ሕፃናት፣ ጸረ ስኳር የቤተሰብ ሐኪም ነበሩ። ትምህርታቸውም ሁለት አንቀጽ ነበረው። አንደኛው፣ የጤና ገንዘብ ከትልቁ ሆስፒታል እብነ በረድ ሳይሆን ከየሰፈሩ ጤና ጣቢያ ይጀምር የሚል ነው፤ ሰው ሕመሙ ሳይብስበት በፊት የሚታይበት ቦታ ያ ነውና። ሁለተኛው፣ እግር ያለው ሁሉ ይራመድ፣ ብስክሌት ያለውም ይጋልብ የሚል ነው። በጤና ጣቢያውም በር ላይ ቆመው «ጉልበቱን የሚያመው ይምጣ፤ የታክሲ ሱስ የያዘውም ይምጣ!» ብለው አዋጅ ያስነግሩ ነበር። ሕዝቡም ሰማቸው፣ ወደዳቸው፣ አመሰገናቸው፤ ከማዶው መንገድም በታክሲ እየመጣ ስለ መራመድ የሚሰጡትን ትምህርት አዳምጦ በታክሲ ይመለስ ነበር።

የዘመቻውም ምክንያት እንዲህ ነው። የጤና ገንዘብ አከፋፋይ የሆኑት ሹም ሙሴ ሙሐመድኑር ራስ ዲካ በሚባለው ሰፈር በሚገኝ አዳራሽ ጉባኤ ጠሩ። የዓመቱ ገንዘብ ለሰፈር ጤና ጣቢያዎች ይሁን ወይስ ለትልቁ ሆስፒታል ፏፏቴ ያለው አዲስ በር ይሠራበት የሚለውን በዚያው ዕለት ሊቆርጡ ነው። በዚያው ጠዋት ደግሞ የጤና ጣቢያው ማቀዝቀዣ አንድ ጊዜ አጓርቶ፣ አንድ ጊዜ ተንቀጥቅጦ፣ ዐረፈ። በሆዱም የሕፃናት ክትባት ነበረ። ክትባቱ ሳይሞቅ ወደ ሌላ ማቀዝቀዣ መድረስ አለበት፤ ደህና ማቀዝቀዣ ያለው መድኃኒት ቤት ደግሞ ከጉባኤው አዳራሽ ጎን ነው። የጤና ጣቢያው ብቸኛ መኪና ግን ለዚያው ጉባኤ ወንበር እንዲያመላልስ በማለዳ ተወስዶ ነበር።

ነርሷ ሰብሪና፣ የከተማዋ ተወላጅ፣ አራት ቋንቋ የምትናገርና በአራቱም የምትቆጣ፣ ክትባቱን በበረዶ ሣጥን ከታ፣ ፀሐይ እንዳይነካው ሣጥኑን በእርጥብ ጆንያ ጠቀለለችና «ዶክተር፣ ታክሲ እንያዝ። በዚህ ሙቀት እርስዎም እንደ ክትባቱ ይበላሻሉ» አለች።

እርሳቸውም ብስክሌታቸውን ከግድግዳው አስነሥተው እንዲህ ሲሉ አወጁ፦ «ተራመዱ እያልኩ ሳስተምር ኖሬ፣ በታክሲ ደርሼ በሹሙ ፊት አፌን አልከፍትም! ከኋላዬ ተፈናጠጪ!»

ያን ጊዜም ተነሡ። የሰልፋቸውም ሥርዓት ይህ ነበረ፤ ከፊት ነጭ ካፖርታቸው በነፋስ የሚርገበገብ ዓለምሰገድ፣ ከኋላ በዕቃ መጫኛው ላይ ሰብሪና፣ በሰብሪና ጭን ላይ ሣጥኑ፣ በትከሻዋ የደም ግፊት መለኪያ ያለበት ቦርሳ፣ በእጇም እንደ ነገሥታቱ ወግ ጃንጥላ። የጃንጥላው ጥላ ግን በሣጥኑ ላይ እንጂ በሐኪሙ ላይ አላረፈም። ከኳርቲዬ ስድስት ተነሥተው በመጀመሪያው የዛፍ ጥላ ሰፈሩ፤ ከዚያ ተነሥተው በሁለተኛው ሰፈሩ፤ ሰብሪናም «ዶክተር፣ እንዲህ በየጥላው ከሰፈርን ክትባቱ ሳይደርስ ሕፃናቱ አድገው ይጠብቁናል» ባለች ጊዜ ያለ ዕረፍት ገሠገሡ።

በዚያ ቀን ግን ከተማዋ ታማ ነበር፤ የቀትሩ ጫት አልመጣምና። ጫት በዘገየበት ቀን ታክሲ ነጂው ሰው አያስተውልም፣ ሻጩ መልስ አይሰጥም፣ ሁሉም ዐይኑን በመንገድ ላይ ተክሎ ይቆማል። ከጫት ሻጮቹም መካከል ኑሪያ የምትባል፣ የድሬዳዋ ልጅ፣ ለትልቅም ለትንሽም አንቱ ማለት የማታውቅ፣ ባዶ ጠረጴዛዋን እየዳበሰች ተቀምጣ ሳለች፣ እርጥብ ጆንያ የታቀፈች ሴት በብስክሌት ስትከንፍ አየች። ጫት በእርጥብ ጆንያ እንደሚመጣ የማያውቅ በዚያ አገር የለምና፣ ኑሪያ ከመቀመጫዋ ተስፈንጥራ «አቦ መጣ! ዛሬ በብስክሌት ልከውታል!» ብላ አወጀች።

ከዚህም በኋላ ሠራዊቱ ተከተተ። የታክሲ ነጂዎች የመኪናቸውን በር ክፍት እየተዉ መጡ፤ ሽርጥ የታጠቁ የወደብ ሠራተኞች መጡ፤ ከጉልት ላይ ገንዘብ የሚመነዝሩ ሴቶች ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው መጡ፤ የባንክ ዘበኛ መጣ፤ ፀጉሩ በግማሽ የተቆረጠ አንድ ሙሽራና ፀጉር ቆራጩ መቀሱን እንደያዘ መጡ፤ ሁለት ፖሊሶች ሕዝቡን ለመበተን መጥተው አብረው ሮጡ፤ ከዶራሌ ወደብ ኮንቴይነር ጭኖ ወደ ኢትዮጵያ የሚያመላልሰው ሾፌር አምባው፣ ያ ግዙፍ ሰው፣ መኪናውን ጥግ አስይዞ እያለከለከ መጣ። ፍየሎችም፣ ማንም ሳይጠራቸው፣ መጡ።

ዓለምሰገድ ዞር ብለው ይህን ሁሉ ሕዝብ በእግሩ ሲሮጥ ባዩ ጊዜ ልባቸው ተነካ፣ ዐይናቸውም በእንባ ተሞላ። «ሰብሪና፣ አየሽ? ትምህርቱ ገባቸው!»

«ዶክተር፣ እኔ እንጃ፤ እነዚህ ሰዎች የመጡት ለእኛ አይመስለኝም።»

«እምነት ይኑርሽ!» አሉና ፔዳሉን ረገጡ።

በምኒልክ አደባባይ በደረሱ ጊዜ የብስክሌቱ ሰንሰለት ወለቀ። ሠራዊቱም ደርሶ ከበባቸው፤ በካፌዎቹ በረንዳ የተቀመጡ ፈረንጆችም ብርጭቋቸውን እንደያዙ ቆሙ። ዓለምሰገድ በግራሶ በተለወሰ እጃቸው ሰንሰለቱን ከማርሹ ጥርስ ጋር እያጋጠሙ ለሕዝቡ እንዲህ የሚል አዋጅ አሰሙ፦ «ሕዝቤ ሆይ! ልባችሁን የሚያጸና፣ ስኳራችሁን የሚያወርድ፣ ሐኪም የማያስፈልገው መድኃኒት እግራችሁ ነው! ዛሬ እንደ ሮጣችሁ ነገም ሩጡ!»

«እሺ ዶክተር፣ እንሮጣለን፣ አንተ ብቻ ቶሎ በል!» አለች ኑሪያ። አምባውም ብስክሌቱን፣ ሐኪሙንና ነርሷን በአንድ ላይ ከኋላ ገፍቶ እንደ መድፍ ጥይት ለቀቃቸው።

በአዳራሹ ውስጥ ሙሴ ሙሐመድኑር በዚያች ቅጽበት ንግግራቸውን ሊደመድሙ ነበር። «እንግዲህ የሰፈር ጤና ጣቢያ ማንም አይፈልግም፤ ሕዝቡም በእግሩ ሄዶ የሚታከም ሕዝብ አይደለም። ስለዚህ በሩን...» ብለው ሳይጨርሱ ውጪ እንደ ጎርፍ ያለ ድምፅ ተሰማ። በመስኮት ብቅ ቢሉ፣ በላብ የታጠበ ሐኪም በብስክሌት ሲገባና ከኋላው ግማሽ ከተማ በእግሩ ሲከተለው አዩ።

ሰብሪና ከብስክሌቱ ወርዳ፣ ሰዉን በአራቱ ቋንቋዎች ገሥጻ፣ ወደ መድኃኒት ቤቱ አለፈችና በማቀዝቀዣው አጠገብ ጆንያውን ፈታች። ኑሪያም ተከትላ በሰብሪና ትከሻ ላይ አንገቷን አስግጋ አየች። ትንንሽ ብልቃጦች።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው?»

«የልጆች ክትባት» አለች ሰብሪና፣ ማቀዝቀዣው ውስጥ እየደረደረች።

«ጫቱስ?»

«የምን ጫት?»

ወሬውም ከአፍ ወደ አፍ ወደ ኋላ ተላለፈ፣ ደጁም በቁጣ ተናወጠ። ዓለምሰገድ ያን ጊዜ ነገሩ ገባቸው። ፊታቸው ከፀሐዩ በላይ ቀላ፤ ብስክሌታቸውንም ተደግፈው ዝም አሉ፤ ዝም ሲሉ ያያቸው ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም።

በዚህ መካከል አምባው በአዳራሹ ደረጃ ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። «ራሴን... ዐይኔም ጨለመብኝ» አለ። ሰብሪና ሮጣ መጥታ የደም ግፊቱን ለካች። እንደገና ለካች። ከዚያም ቀና ብላ ሐኪሙን አየቻቸው፤ እርሳቸውም ከአዋጅ ድምፃቸው ወርደው፣ ከአጠገቡ በርከክ ብለው፣ በቀስታ ጠየቁት።

«ወንድሜ፣ ራስህን ካመመህ ቆየ?»

«ቆይቷል ዶክተር። ትልቁ ሆስፒታል ሰልፉ አያልቅም፤ እኔ ደግሞ ተሳቢ መኪና የት አቁሜ ልሰለፍ?»

«ዛሬ ልትነዳ ነበር?»

«ማታ እወጣለሁ። ጭኛለሁኮ።»

«ዛሬ አትነዳም። ይህን ግፊት ይዘህ ብትወጣ መንገድ ላይ ትወድቅ ነበር፤ ከነተሳቢው፣ በሰው ላይ።»

ከመድኃኒት ቤቱ ክኒን አስመጥተው አስዋጡት፣ በጥላም አስተኙት፣ አጠገቡም ተቀመጡ። ቁጣውም ጠፋ፤ የሁሉም ዐይን በአምባው ላይ ነበረ። ቆይቶ ሰብሪና ለካችና «ወረደ» ስትል ያ ሁሉ ሰው አብሮ ተነፈሰ። ከዚያም ኑሪያ ማንም ሳያዛት እጅጌዋን ጠቅልላ ክንዷን ዘረጋች። «እኔንም ለኪኝ። ከመጣሁ አይቀር» አለች። ከኋላዋ የባንክ ዘበኛው ቆመ፤ ከዘበኛው ኋላ ሁለቱ ፖሊሶች፤ ከፖሊሶቹ ኋላ ሙሽራው። ሰልፉም የአዳራሹን አጥር ዞረ።

ሙሴ ሙሐመድኑር ከደረጃው ወርደው «ዶክተር፣ ይህን ሁሉ ሰው ለሕክምና ያመጡት እርስዎ ነዎት?» ብለው ጠየቁ።

እዚህ ላይ ሌላ ጀግና ቢሆን አዎን ይል ነበር፤ ገንዘቡ በዚያች ቃል ላይ ተንጠልጥሎ ነበርና። ዓለምሰገድ ግን አንገታቸውን ደፍተው «አይደለሁም ጌታዬ። ጫት የያዝኩ መስሏቸው ነው የተከተሉኝ» አሉ። ከዚያም ቀና ብለው፣ «ቢሆንም በእግራቸው መጡ። ሐኪም በቅርባቸው ሲያገኙም ተሰለፉ። ይህ ሰውዬ ደግሞ በየሰፈሩ የሚለካው ሰው ቢኖር ዛሬ እዚህ ባልወደቀ ነበር» ብለው ጨመሩ።

 ሹሙም ጃኬታቸውን አውልቀው ለጸሐፊያቸው ሰጡና ከሙሽራው ኋላ ተሰለፉ። ተራቸው ደርሶ ሰብሪና ስትለካቸው ቅንድቧን ብታነሣ፣ እርሳቸውም ቅንድባቸውን አነሡ፤ በዚያው በተቀመጡበት፣ ክንዳቸው እንደታሰረ፣ ይህን አዋጅ አወጁ፦ «ፏፏቴው ይቆይ። ገንዘቡ ለሰፈር ጤና ጣቢያዎች ይሁን። መጀመሪያም ለኳርቲዬ ስድስት ማቀዝቀዣ ይገዛ።» ሕዝቡም እልል አለ፤ ወዲያውም ከሩቅ የጫት መኪና ጥሩምባ ተሰማና፣ እልልታው ሳያልቅ ከዚያ ሁሉ ሠራዊት ከአምባውና ከፍየሎቹ በቀር በግቢው ማንም አልቀረም።

ስለዚህ ለዓለምሰገድ፣ ለአባ ሰንሰለት፣ ለመዛኔ ሕፃናት፣ ላቡ እንደ ዝናም ለወረደ፣ ቃሉ ግን ሐሰት ላልቀላቀለ፣ ምስጋና ይገባል። ሌሎች ከተማ ከበው፣ ቅጥር አፍርሰው፣ ምርኮ ነድተው ስማቸውን አስጻፉ፤ እርሳቸው ግን አንድ ሾፌር በሚቀጥለው ሳምንት መኪናውን አስነሥቶ ወደ አገሩ ተራራውን ወጥቶ፣ እናቱን፣ ሚስቱንና ሦስት ሴት ልጆቹን አንድ በአንድ እንዲስም አደረጉ። ከዚህ የሚበልጥ ድል ያለው ይምጣና ይንገረን፤ በእግሩ ይምጣ እንጂ።