ስክሪኑ ልኩን ያገኘ ዕለት

ሰው ሲሸነፍ የሚያመካኝበት ነገር አጥቶ አያውቅም። ኳስ ተጫዋች ሜዳውን ያማል፣ ተማሪ ፈታኙን ያማል፣ ዓሣ አስጋሪ የጣናን ነፋስ ያማል። እኔ ደግሞ ስክሪኔን አማለሁ። ልዩነቱ ምን መሰላችሁ? የእነሱ ሰበብ ሰበብ ነው፤ የእኔ ግን እውነት ነው! ነገሩን ከሥሩ ላጫውታችሁና እናንተው ፍረዱኝ።

ላፕቶፔ አዲስ አይደለም። ከእኔ በፊት ስንት ጌታ እንዳገለገለ እሱና ፈጣሪው ናቸው የሚያውቁት። ሲጽፉበት ጨዋ ነው፤ ፊልም ሲያዩበትም አያስቀይምም። የኳስ ጌም ሲከፍቱበት ግን ጠባዩ ይለወጣል። ምስሉን በስክሪኑ ሙሉ ልክ ስከፍተው ተጫዋቾቹ አንድ እርምጃ ይራመዱና ቆም ይላሉ፤ ደግሞ ይራመዳሉ፤ ደግሞ ያስባሉ። ማሽኑ አቅም የለውማ! ልኩን ቀንስለት አሉኝ። ልክ ስል ያው ሬዞሉሽን የሚሉትን ነው፤ ምስሉ በአግድም በስንት ነጥብ፣ በቁመት በስንት ነጥብ ይሣል የሚለውን። ቀነስሁለት። ጌሙ ከሚሰጠኝ ልኮች መካከል ለማሽኔ የሚቀልለው ግን ለድሮ ካሬ ስክሪን የተሠራ ኖሮ፣ በእኔ ሰፊ ስክሪን ላይ ሲለጠጥ ተጫዋቾቹ ሁሉ ወደ ጎን ሄዱ። አጥቂዬ ቁመቱና ወርዱ እኩል ሆነ። ኳሷ እንቁላል መሰለች። በእንደዚህ ያለ ስክሪን ማን ያሸንፋል? እስቲ በእግዚአብሔር!

ይበልጣል ያሸንፋል። ይበልጣል የሚስቴ የየሻረግ ወንድም ነው። በዚያው ስክሪን፣ በዚያችው እንቁላል፣ በሄደ በመጣ ቁጥር ይረታኛል። አንድም ቀን አሸንፌው አላውቅም። ስክሪኑ ነው ስለው፣ እኔስ የማየው በሌላ ስክሪን ነው እንዴ ይለኛል። እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ለማንም አይመችም።

እንግዲህ ይኸው ሰው ለሥራ ወደ ጎርጎራ ተዛወረ። እሁድ ጠዋት ሊሄድ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሊሰናበተን መጣ። አስቡት! አንዴ ከሄደ ለበዓል ካልሆነ አናገኘውም። እኔ ያን ሁሉ ሽንፈት ታቅፌ ባሕር ዳር ልቀር፣ እሱ ያን ሁሉ ድል ይዞ ሐይቁን ሊሻገር! አይሆንም አልሁ። አንድ ጨዋታ ብቻ፣ አንድ ድል ብቻ፤ ግን ሰው በሚመስሉ ተጫዋቾች!

ደግሞም ባዶ እጄን አልነበርሁም። በዚያው ሳምንት ኢንተርኔት ላይ አንድ መመሪያ አግኝቻለሁ። ጌሙ የምትፈልገውን ልክ ካልሰጠህ ራስህ ፍጠር ይላል። የስክሪኑ ማስተካከያ ውስጥ ይገባሉ፤ ወርዱንና ቁመቱን እንደ ስክሪኑ አመጣጥነው ዝቅ ያደርጉና የራስዎን ቁጥር ይጽፋሉ። ከዚያ ጌሙ ያንን ልክ ከሌሎቹ ጋር ደርድሮ ያቀርብልዎታል። ሱቅ ውስጥ የተሰቀለውን ትቶ ልብስ ሰፊ ዘንድ በልክ እንደማሰፋት ማለት ነው! ያነበብሁ ዕለት ደስታው አላስችል ብሎኝ የሻረግን ፈተና ከምታርምበት ጠርቼ ነገርኋት። እሷም ጸጥ ብላ ሰማችኝና ጠግን ያለችኝን የቧንቧውን ነገር ጠየቀችኝ። ታላላቅ ግኝቶችን ዓለም ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚቀበላቸው።

ቅዳሜ ይበልጣል አጠገቤ ተቀመጠ፤ ቁጥሬን ጻፍሁ፤ ተጫንሁ። ስክሪኑ ድርግም!

የጨለመ ስክሪን ፊት ሰው ምን ያደርጋል? እኛ ቤት ዝም ብሎ ማየት የሚባል ነገር የለም። እኔ የመጣልኝን ቁልፍ ሁሉ ጠቀጠቅሁ። ይበልጣል ከኋላው መታ መታ አደረገው። የሻረግ ከወዲያ ሆና ገመዱን እዩት አለች። በመጨረሻ ማጥፊያውን ይዤ አጠፋሁት፤ እሱ ደግሞ ጠፍቶ እስኪነሣ በጀልባ ደቅ ደሴት ደርሶ መመለስ ይቻላል። ተነሣ። ቁጥሩን ትንሽ ለወጥሁ፤ ድርግም! አጠፋሁ፣ አስነሣሁ፣ ለወጥሁ፤ ድርግም! ይበልጣል ሻንጣዬን ገና አልሸከፍሁም ማለት ጀመረ።

እንደገና ድርግም እንዳለ በሩ ተንኳኳ። የኔታ ናቸው።

የኔታ የየሻረግና የይበልጣል አጎት ናቸው። ደቅ ደሴት ላይ ዜማ ሲያስተምሩ፣ ሲቀድሱ የኖሩ አባት ናቸው፤ ዓይናቸው ቢደክምባቸው መነጽር ሊያሠሩ በጀልባ መጥተው እኛ ዘንድ አርፈዋል። እሳቸው ሲገቡ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። ሁላችንም ብድግ! ላፕቶፑ በነጨለማው ተተወ። መስቀል ተሳለምን። የኔታ ደግሞ ሰላምታ አያቻኩሉም። እንዴት ዋላችሁ አሉ፤ ሥራ እንዴት ነው አሉ፤ የይበልጣልን መንገድ መረቁ፤ ቁንዝላ ያሉትን ዘመዶች አንድ በአንድ ስማቸውን እየጠሩ ደህና መሆናቸውን ጠየቁ፤ እኛም ለእያንዳንዳቸው እግዚአብሔር ይመስገን አልን። እሳቸው ወንበር ሳይዙ ማን ይቀመጣል? ቆመን መለስን፣ ቆመን አሜን አልን።

ከዚያ ዞር ስል ስክሪኑ በርቷል! ማንም ሳይነካው! ይበልጣል የኔታ ሲገቡ በራ ብሎ አማተበ። እኔም ለማማተብ እጄን አንሥቼ ነበር። የሻረግ ግን ስልኬን አንሥታ ያንን መመሪያ እስከ መጨረሻው አነበበችው። (እኔ ከደስታዬ ብዛት እስከ መሃሉ ነበር ያነበብሁት።) ለካስ መጨረሻው ላይ፣ ስክሪኑ ያልተስማማው ቁጥር ሲሰጡት ይጨልማል፤ ምንም አትንኩ፤ በአሥራ አምስት ሰከንድ ራሱ ወደ ነበረበት ይመለሳል ይላል! አያችሁ? ያን ሁሉ ጊዜ የሚፈለግብን እጃችንን መሰብሰብ ብቻ ነበር። ለማሽን ብሎ አሥራ አምስት ሰከንድ የሚታገሥ ሰው በእኛ ቤት አልተፈጠረም፤ ለየኔታ ሰላምታ ግን ሁሉም ይታገሣል።

ከዚያ በኋላማ ምን ፍርሃት አለ! ቁጥር መጻፍ፣ ሲጨልም እጅ አጣጥፎ መቀመጥ፣ ሲመለስ ሌላ መጻፍ። የኔታ ከወንበራቸው ሆነው ምን እየጠበቃችሁ ነው ብለው ቢጠይቁን፣ ይበልጣል ብርሃን ነው አላቸው። ደግ ነው አሉ።

በመጨረሻ አንዱ ቁጥር ሳይጨልም ቀረ። ምስሉ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ ቁጭ አለ! ጮህሁ፤ ይበልጣልን አቀፍሁት፤ ተቃቅፈን ስንዘል ምስሉ ወደ ቀድሞው ተመለሰ። ለካ ማሽኑ ይህን ልያዘው ወይ ብሎ ጠይቆን መልስ የሚጠብቀውም ያችኑ አሥራ አምስት ሰከንድ ነው፤ ዝም ካሉት እምቢ እንዳሉት ይቆጥረዋል። ደግመን ጻፍን፤ መጀመሪያ ያዘው አልነው፤ ከዚያ ተቃቀፍን።

ጌሙ ሲከፈት ምን ልበላችሁ! ተጫዋቾቹ አንገት አወጡ። እግር አወጡ። ኳሷ ክብ ሆነች። አጥቂዬ ሲሮጥ አይንቀጠቀጥም፣ አያስብም፤ ዝም ብሎ ይሮጣል! እንዲህ መልከ መልካም ልጅ ሆኖ ነው እስከ ዛሬ በርሜል የመሰለኝ? ደስታዬ ወሰን አጣ። እንደዚያ ቀን ተጫውቼም አላውቅም። ይበልጣል ሞከረ፣ መለስሁ፤ ሞከርሁ፣ መለሰ። ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ባዶ ለባዶ ነን።

ይኸኔ የኔታ ለሠርክ ጸሎት ቤተ ክርስቲያን ሊሄዱ ተነሡ።

ይበልጣል በሥርዓት ያደገ ልጅ ነው፤ ጆይስቲኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ብድግ አለ። የሻረግ ብድግ አለች። እኔም ልነሣ ነበር፤ ጉልበቴ ጀምሮት ነበር። ግን ኳሷ አጥቂዬ እግር ሥር ናት። የይበልጣል ተከላካዮች የሚያዛቸው አጥተው ይባዝናሉ። ፊት ለፊቴ ግብ ጠባቂው ብቻውን ቆሟል። ጨዋታውን ማቆሚያ ቁልፍ እንዳለ አውቃለሁ፤ አታስታውሱኝ። እናንተ ብትሆኑ ትነሡ ነበር? እውነቱን ተናገሩ!

መታሁ። ገባች! አንድ ለባዶ! ጩኸቴን በጥርሴ ይዤ ዞር አልሁ። ሰው ሁሉ ቆሟል፤ የተቀመጥሁ እኔ ብቻ ነኝ። የኔታ በደከመ ዓይናቸው አተኩረው አዩኝ። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ይልቁንም ድምፃቸው በሐዘን ለስልሶ፣ «ምነው ልጄ፣ አመመህ እንዴ? መነሣት አቃተህ?» አሉኝ።

ምን ልበል? የለም የኔታ፣ ጎል እያገባሁ ነው ልበል? የሻረግ ቀድማ መለሰችልኝ። «አዎ የኔታ፣ ሕመሙማ ሰነባብቷል። ቅዳሜ ቅዳሜ ይነሣበታል» አለቻቸው።

የኔታ መንገዳቸውን ትተው ተመለሱ። መስቀላቸውን አናቴ ላይ አድርገው በግእዝ ይጸልዩልኝ ጀመር፤ ጸሎታቸው እንደ ሰላምታቸው ነው፣ አይቻኩልም። አንገቴን ደፍቼ ሳለሁ የዳኛው ፊሽካ ሲነፋ ሰማሁ። አለቀ! አሸነፍሁት! ይበልጣልን በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አሸነፍሁት! ብዘል፣ ጣሪያ ብነካ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን በሽተኛ አይዘልም። ከሁሉም አብልጦ ጮክ ብሎ አሜን የሚለው ደግሞ ይበልጣል ነው።

እሱ በማግስቱ ጎርጎራ ገባ። ማታውኑ አመመህ አሉ ተብሎ ከጎርጎራ ተደወለልኝ፤ ቀጥሎ ከቁንዝላ። የኔታም መነጽራቸውን ይዘው ደቅ እንደተመለሱ በጀልባ ጠበል ላኩልኝ። የሐይቁ ዙሪያ ዘመድ ሁሉ እግዜር ይማርህ ብሎኛል። ስንት ለስንት አለቀ ብሎ የጠየቀኝ ግን እስከ ዛሬ አንድም ሰው የለም።